እርጥብ ወይስ ደረቅ? የድመት ምግብ ስትመርጡ የሚታየው ነገር

ድመት ያላቸው ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ወደ ምግብ ይዞራል። አንዱ «ደረቅ ምግብ ኩላሊት ገዳይ ነው» ይላል። ሌላዋ «የእኔዋ ዕድሜዋን ሙሉ ደረቅ በልታ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቷ» ብላ ታፋጥጠዋለች። ሦስተኛው መሃል ገብቶ «ድመት እኮ ድመት ነው፣ የተገኘውን ይበላል» ይላል። ክርክሩ እዚያው ሲሽከረከር ያመሻል። ደረቅ የሚባለው በከረጢት የሚሸጠው ፍሬ ፍሬ ምግብ ነው፤ እርጥብ የሚባለው ደግሞ በጣሳ ወይም በፓኬት የታሸገው።

እኔ ከዚህ ክርክር የምወጣው በሁለት ጥያቄ ነው። ድመቷ ውሃዋን ከየት ታገኛለች? የምትበላውን መጠንስ የሚወስነው ማን ነው፣ እናንተ ወይስ እሷ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ከደረቁም ከእርጥቡም ጋር ተስማምቶ መኖር ይችላል። መልስ የሌለው ግን የቱንም ያህል ውድ ምግብ ቢገዛ ጣጣው አይቀርለትም።

አቋሜን አልደብቅም። አቅምና ሁኔታ ከፈቀደ እርጥቡ መሠረት ቢሆን፣ ደረቁ ደግሞ ተለክቶ ቢጨመር እመርጣለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የውሃው ጉዳይ

የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህች እንስሳ በረሃና ደረቅ አገር የለመደች አዳኝ ናት። አብዛኛውን ውሃዋን የምታገኘው ከምትበላው ነው። የአይጥ ሰውነት ሁለት ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ኩላሊቷም ሽንቷን አወፍሮ ውሃ መቆጠብ ያውቅበታል። ይህ ተፈጥሮ ሶፋ ላይ ለምትተኛዋም ድመት ወርዶላታል። ስለዚህ ውሃ ቢጎድላት እንኳ ጥማቱ ቶሎ አይሰማትም።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው። በእርጥቡ ውስጥ ከ75 እስከ 82 በመቶ ይደርሳል። 4 ኪሎ የምትመዝን፣ ቤት የምትውል፣ እንዳትወልድ በሐኪም የመከነች ድመት እንውሰድ። በቀን 225 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። ይህንን በደረቅ ምግብ ብቻ ብንሰጣት 60 ግራም ያህል ነው። በዚያ ውስጥ የምታገኘው ውሃ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ያንኑ ካሎሪ በእርጥብ ምግብ ብንሰጣት 250 ግራም ይሆናል። ከእሱ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ታገኛለች። በቀን የሚያስፈልጋት ጠቅላላ ውሃ ደግሞ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ እርጥብ የምትበላዋ ድመት ሳህኗን ስትጨርስ የውሃውንም ነገር ጨረሰች ማለት ነው።

ደረቅ የምትበላዋ ድመት በርግጥ አብዝታ ትጠጣለች። ግን ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አታካክሰውም። ተደምሮ ሲታይ እርጥብ የሚበሉ ድመቶች የበለጠ ውሃ ያገኛሉ፣ ሽንታቸውም የቀጠነ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጥርስ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ «ተፈጥሯዊነት» የሚወራው ብዙው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የቀጠነ ሽንት ምን ያደርጋል? ሽንት ሲወፍር በውስጡ ያሉት ማዕድናት ተሰባስበው አሸዋና ጠጠር የመሥራት ዕድላቸው ይጨምራል። የሽንት ፊኛም በየጊዜው ይቆጣል። በሴቶቹ ይህ ሕመምና ምቾት ማጣት ነው፤ በወንዶቹ ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። የወንድ ድመት የሽንት መውጫ ቱቦ በጣም ጠባብ ነው። ትንሽ አሸዋ ወይም የረጋ ንፍጥ ከዘጋው ሽንት አይወጣም። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል፣ በደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ልቡ ይታወካል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ምልክቱን ማወቅ ከምግብ ምርጫው በላይ ነው። ድመቱ ወደ መጸዳጃው ሳጥን ይመላለሳል። ቁጢጥ ብሎ ያምጣል፣ ግን የሳጥኑ አሸዋ ደረቅ ነው፤ ቢበዛ ጠብታ ነው። ይጮኻል። ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሆድ ድርቀት ነው» ይልና ያሳድረዋል። አታሳድሩት! በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። የዚያን ሰዓት ስለ ምግብ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

እርጥብ ምግብ ይህን ሁሉ ያስቀራል ማለቴ አይደለም። ጭንቀት፣ ውፍረትና ቁጭ ብሎ መዋልም የሽንት ፊኛ ሕመም ላይ እጃቸው አለበት። ግን አንድ ጊዜ የሽንት ችግር ያጋጠመው ድመት ካላችሁ፣ በተለይ የተኮላሸ ወንድ ከሆነ፣ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚመክሩት አንዱ ውሃ የሚጨምር ምግብ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ድመት እኔም አላመነታም፤ ምርጫው እርጥቡ ነው። ጠጠር ከተገኘ ደግሞ ዓይነቱ ይታወቅ። ስትሩቫይት የሚባለው በሐኪም በሚታዘዝ ልዩ ምግብ ሊሟሟ ይችላል። የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ግን በምግብ አይሟሟም።

ኩላሊትስ? በዕድሜ የገፉ ድመቶች ላይ የኩላሊት ድክመት የተለመደ ነው። «ደረቅ ምግብ ነው ያመጣው» የሚለው ግን አልተረጋገጠም፤ ያቺ አሥራ ሰባት ዓመት የኖረችውም ምስክር ናት። አንዴ ኩላሊቷ ከደከመ ግን ነገሩ ይለያል። ሽንቷን ማወፈር ያቅታታል፣ ውሃ በየጊዜው ታጣለች። ያኔ ከምግቧ ጋር የሚገባላት ውሃ ትልቅ እገዛ ነው። ለሆድ ድርቀትም እንዲሁ።

ሳህኑ ሞልቶ ሲውል

ደረቅ ምግብን የማማው በአንድ ነገር ነው። ማማት ያለብኝ ግን ምግቡን ሳይሆን አሰጣጡን ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ሳህኑ ይሞላል። ድመቷ ስትፈልግ ትበላለች። ማታ ጎደል ካለ ይጨመራል። ምን ያህል በላች ብትሏቸው የሚያውቅ የለም።

100 ግራም ደረቅ ምግብ ከ350 እስከ 450 ካሎሪ ሲይዝ፣ ያው 100 ግራም እርጥብ ከ70 እስከ 120 ነው። ከላይ ላነሳናት ድመት 10 ግራም ደረቅ ምግብ በቀን ብንጨምርላት፣ ያ በእጅ ጫፍ የሚዘገን ነገር፣ ከቀን ፍላጎቷ አንድ ስድስተኛው ነው። በየቀኑ ሲደጋገም ጎኗ ላይ ይታያል። ድመት ከመከነች በኋላ ደግሞ የምትፈልገው ጉልበት ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። ሳህኑ ያኔም እንደ ድሮው ሞልቶ ይውላል።

መለኪያ ኩባያም ብዙ አያስተማምንም። አንዱ ቀን ደልደል፣ ሌላው ቀን ክምር ይደረጋል። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ የቀኑን ድርሻ ጠዋት በግራም መዝኖ በትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ከዚያ ዕቃ ይሰጣታል። ሲያልቅ አለቀ። ይህች ቀላል ዘዴ «አባዬ ሰጣት፣ እኔም ሰጠኋት» የሚለውን ታስቀራለች። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው መጠን መነሻ ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ለምትውል ድመት ብዙ ጊዜ ይበዛል።

ውፍረቷን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። በሁለት እጃችሁ ጎኗን ዳብሱት። የጎን አጥንቶቿ ሳትጫኑ ከተሰሟችሁ ደህና ናት። ፈልጋችሁ ካጣችኋቸው ወፍራለች። ከላይ ስትታይም ወገቧ ገባ ማለት አለበት።

ክብደት መቀነስ ለሚያስፈልጋት እርጥቡ ይመቻል። ውሃው ሆዷን ይሞላዋል፣ ሳህኑም ብዙ ይመስላል። ግን እዚህ ላይ አደራ! ወፍራም ድመትን አስርቦ ማክሳት አይቻልም። ድመት፣ በተለይ ወፍራሟ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ስቡ ወደ ጉበቷ ይጎርፍና ጉበቷ ይታመማል። በሽታው ከባድ ነው። ስለዚህ «ከራባት ትበላዋለች» የሚለው ዘዴ ለድመት አይሠራም። መቀነስም ካለበት ቀስ እያለ፣ በሐኪም ምክር ይሁን።

በሌላ በኩል በተፈጥሮዋ ቆጥባ የምትበላ፣ ትንሽ ትንሽ እያለች ቀኑን የምታዳርስ፣ ክብደቷም የማይጨምር ድመት አለች። ለሷ ተለክቶ የተቀመጠ ደረቅ ምግብ ችግር የለበትም። ድመት በተፈጥሮዋ ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት የምትበላ ፍጥረት ናት፤ ደረቁ ለዚህ ይመቻል። ምግቡን በማገላበጥና በመቧጠጥ የሚወጣበት መጫወቻ ውስጥ ብትከቱት ደግሞ ሥራ ታገኛለች። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ለምትውል ድመት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእርጥብ ምግብ እንዲህ ለማድረግ ቢሞከርም የሚያጥበው ሰው ይማረራል።

ጥቅሉ ላይ የተጻፈው

ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጥቅል በሁለት እጅ ይዞ ማነጻጸር ሰውን ያሳስታል። ደረቁ ላይ ፕሮቲን 32 በመቶ ይላል። እርጥቡ ላይ 10 በመቶ። «ደረቁ በሦስት እጥፍ ይበልጣል» ብሎ መደምደም ይቀላል። ውሃውን አውጥታችሁ ስታዩት ግን ነገሩ ይገለበጣል።

እርጥቡ 80 በመቶ ውሃ ከሆነ፣ የቀረው ምግብ 20 በመቶ ነው። ከ20ው 10ሩ ፕሮቲን ነው፤ ግማሹ ማለት ነው፣ 50 በመቶ። ደረቁ 8 በመቶ ውሃ ቢኖረው የቀረው 92 ነው። 32ን ለ92 ስታካፍሉ 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። ስልካችሁ ላይ ባለው ማስያ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ፕሮቲኑን (100 ሲቀነስ ውሃው) ለሚለው ማካፈል፣ ከዚያ በ100 ማባዛት ነው። ለስቡም ያው ነው።

ስታርቹ፣ ማለትም እንደ እህልና ድንች ካለው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ላይ አይጻፍም፤ ግን ሊሰላ ይችላል። ከ100 ላይ ፕሮቲኑን፣ ስቡን፣ ውሃውን፣ አመዱን (ማዕድናቱን ማለት ነው) እና ቃጫውን ቀንሱ፤ የቀረው እሱ ነው። ፕሮቲን 32፣ ስብ 14፣ ውሃ 8፣ አመድ 7፣ ቃጫ 3 የሆነ ደረቅ ምግብ 36 በመቶ ስታርችና መሰል ነገር አለው። ይህ የሆነው አምራቹ ሆን ብሎ ድመት ለመጉዳት አይደለም። ደረቁ ምግብ የሚሠራው ሊጡ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ በቀዳዳ ሲወጣ፣ ሲቆረጥና ሲደርቅ ነው። ያ ፍሬ ቅርጹን ይዞ እንዲቆይ የሚያያይዘው ስታርች ነው። መጨረሻ ላይ ስብና ጣዕም ይረጭበታል፤ ድመቷን የሚያስጎመጃት ያ ሽፋን ነው። እርጥቡ ግን ከታሸገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚበስል ብዙ ስታርች አያስፈልገውም። በመረቅ የተዘጋጁት ግን መረቁን ለማወፈር ስታርች ሊጨመርባቸው ይችላል። ስለዚህ ስታርች የሚያሳስባችሁ ከሆነ ከእርጥቦቹም ውስጥ እንደ ፓቴ የላመው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ጤነኛ ድመት የበሰለ ስታርችን ትፈጫለች፤ መርዝ አይደለም። ስኳር ለያዛት ድመት ግን ስታርቹ ያነሰ እርጥብ ምግብ ብዙ ጊዜ ይመከራል። አንዳንዶቹም የኢንሱሊን ፍላጎታቸው በግልጽ ይቀንሳል። ለዚህም ነው ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ምግቧ በራስ ውሳኔ የማይለወጠው። ምግቡ ተለውጦ መርፌው እንደ ድሮው ከቀጠለ ስኳሯ ድንገት ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። መጀመሪያ ሐኪሟ ይወቅ።

ከፐርሰንቱም በፊት መታየት ያለበት አንድ ጽሑፍ አለ፦ «ሙሉ ምግብ» ወይስ «ተጨማሪ ምግብ»? ሙሉ ማለት ድመቷ እሱን ብቻ በልታ መኖር ትችላለች ማለት ነው። ተጨማሪ ማለት ማጣፈጫ ነው። ዓይን የሚስቡት የቱና ቁርጥራጭና የዶሮ ጭረት ጣሳዎች ብዙዎቹ ተጨማሪ ናቸው። ንጹሕ ሥጋ ስለሆኑ የተሻሉ ይመስላሉ፤ ሆኖም ቫይታሚንና ማዕድናቸው ጎዶሎ ነው። የፊቱ ስምም ያታልላል። «ከቱና ጋር» የሚል ጽሑፍ በአሜሪካ ደንብ 3 በመቶ ቱና ብቻ ቢኖረውም ይፈቀዳል፤ በአውሮፓ ደግሞ 4 በመቶ ይበቃዋል። «የቱና ጣዕም» ያለው ከዚያም ያንሳል።

ታውሪን የሚባለውንም እዚህ ላንሳው። ድመት ከሥጋ የምታገኘው፣ ራሷ በበቂ መጠን ልትሠራው የማትችለው ንጥረ ነገር ነው። ሲጎድላት የዓይኗ ብርሃን ይደክማል፣ ልቧም ሰፍቶ ይዝላል። የልቡ ሕመም ከታውሪን ማነስ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ከዚያ ወዲህ አምራቾች መጠኑን ከፍ ስላደረጉ ያ በሽታ ብርቅ ሆኗል። ዛሬ ሙሉ ምግብ የተባለ ሁሉ፣ እርጥብም ሆነ ደረቅ፣ ታውሪን ሊኖረው ይገባል። የውሻ ምግብ ግን ለድመት ታስቦ ስላልተሠራ ይህ ላይኖረው ይችላል። ቤት ውስጥ ውሻም ካለ «ያው ሥጋ ነው» ተብሎ አይሰጣት።

ጥርስና ሌሎች የሚወሩ ነገሮች

«ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። አብዛኛው ደረቅ ምግብ አያጸዳም። ድመቷ ፍሬውን በጥርሷ ጫፍ ነክሳ ትሰብረዋለች፣ አንዳንዷም እንዳለ ትውጠዋለች። ቆሻሻው ያለው ድዱ ሥር ነው፤ ፍሬው እዚያ አይደርስም። ለጥርስ ተብለው የሚሠሩ ልዩ ፍሬዎች አሉ። ትልልቅ ናቸው፣ ጥርሱ ሲገባባቸው ቶሎ አይፈረፈሩም፤ እነሱ ጥቂት ይረዳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በድመት የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ነው። የሰው ሳሙና አይሆንም፣ ድመት መትፋት አታውቅም። ባጭሩ ጥርስ ለምርጫው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ጥሬ ሥጋስ የሚል አይጠፋም። ሳልሞኔላና ሌሎች ጀርሞች በድመቷም በቤተሰቡም ላይ ጣጣ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ትቼዋለሁ።

ኑሮው ምን ይፈቅዳል?

እስካሁን ያወራነው ስለ ድመቷ ነው። የእናንተም ነገር አለ።

ደረቁ በካሎሪ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አይሸትም፣ አይንጠባጠብም፣ ቆሻሻው ያንሳል። ሥራ ላይ ስታመሹ በሰዓት የሚከፈት ማቅረቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ድመት ብዙ ላለው ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እርጥቡ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይበላል። ሳህን በየጊዜው ይታጠባል፣ ባዶ ጣሳ ይከማቻል። ሳህን ላይ ከሁለት፣ ቢበዛም ከአራት ሰዓት በላይ ማቆየት አይመከርም፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ከዚያም ባጠረ ጊዜ ይነሣ። የተከፈተው ጣሳ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

ፍሪጅ ውስጥ ያደረውን ስትሰጧት ቀርባ ታሸተዋለች፣ ታያችኋለች፣ አንዳንዷም መሬቱን በእጇ ትጭራለች፤ ልትቀብረው ነው። ይህ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። የቀዘቀዘ ምግብ ሽታ የለውም፤ ድመት ደግሞ የምትመርጠው በአፍንጫዋ ነው። ጥቂት የሞቀ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ብታማስሉት ሽታው ይነሣል፣ ውሃውም ትርፍ ነው። ለብ ያለ፣ ከሰውነቷ ሙቀት ያልበለጠ ይሁን። በማይክሮዌቭ ካሞቃችሁት አንዱ ጎን ሊፈጅ ስለሚችል አማስላችሁ በጣታችሁ ሞክሩት።

ደረቁም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ የተረጨበት ስብ ከአየር ጋር እየተገናኘ ይበላሻል። በስድስት ሳምንት ገደማ የሚያልቅ ከረጢት ግዙ። ወደ ሌላ ዕቃ ከመገልበጥ ከነከረጢቱ ዕቃው ውስጥ ማስገባት ይሻላል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መደፋቱም ይቅር። ብዙ ሰው ግዙፉን ከረጢት የሚገዛው ሊቆጥብ ነው፤ መጨረሻው የዘይት ሽታ ያለው ምግብና አልበላም ያለች ድመት ነው። ደረቁን በውሃ ማራስም ይቻላል። የራሰው ግን እንደ እርጥቡ ቶሎ ስለሚበላሽ ካልበላችው ቶሎ ይነሣ።

ደረቅ ብቻ መስጠት ግድ ከሆነባችሁ አታፍሩበት። ውሃው ላይ ግን ትጉ። ከአንድ በላይ ቦታ ውሃ አስቀምጡ፣ ከመጸዳጃው ሳጥን አርቁት፣ በየቀኑ ለውጡት። አፉ ሰፋ ያለ ሳህን የሚወዱ አሉ። የሚፈስ ውሃ ሲያዩ የሚጠጡም አሉ፤ ለእነሱ የሚያንቆረቁር ማጠጫ ይሸጣል። የእናንተዋ የትኛዋ እንደሆነች የምታውቁት ሞክራችሁ ነው።

ሁለቱን ስትቀላቅሉ

ለአብዛኛው ቤት የሚሆነው ይህ ይመስለኛል። ያቺ 4 ኪሎዋ ድመት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ 85 ግራም እርጥብ ብትበላ፣ በ100 ግራም 90 ካሎሪ ሒሳብ 153 ካሎሪ አገኘች። ከ225ቱ 72 ይቀራል። ያ ወደ 19 ግራም ደረቅ ምግብ ነው። ቀን በመጫወቻዋ ውስጥ፣ ወይም ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስጧት። ከእርጥቡ ብቻ 135 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ስላገኘች የሚቀራትን በቀላሉ ትጠጣዋለች። ወጪውም ሙሉ እርጥብ ከሚሆን በብዙ ይቀላል።

ስሕተቱ የሚመጣው እርጥቡን ጨምሮ ደረቁን አለመቀነስ ላይ ነው። «ለጣዕም ነው» ተብሎ የሚጨመር ፓኬት 76 ካሎሪ አለው፤ ከቀን ድርሻዋ አንድ ሦስተኛው ማለት ነው።

የመቀላቀል ሌላ ጥቅሙ ድመቷ ሁለቱንም ማወቋ ነው። ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልቀመሱትን ዓይነት ሲያድጉ ሊጠሉት ይችላሉ። ስለዚህ ለግልገል ሁለቱንም ማስለመድ ብልህነት ነው፤ «ለግልገል» ተብሎ የተዘጋጀ ወይም ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን መሆኑን ግን አረጋግጡ። አንድ ቀን ሐኪም «ከዛሬ ጀምሮ እርጥብ ብቻ» ሊል ይችላል። ያኔ ከታመመች ድመት ጋር መታገል አይኖርም።

እምቢ ያለች ድመት

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል። ለዓመታት ደረቅ የበላች ድመት ፊት እርጥብ ስታቀርቡላት ይህን ታያላችሁ። አንዳንዷ ምግብ መሆኑም አይገባትም።

መጀመሪያ ምግቡን ሳይሆን ሰዓቱን ቀይሩ። ሞልቶ የሚውለውን ሳህን አንሡና ያንኑ ደረቅ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰዓቱ ስጧት። ሰዓቱን ስትለምድ በምግብ ሰዓት ይርባታል፤ የራባት ድመት ደግሞ አዲስ ነገር ትሞክራለች። ቀጥሎ አንድ የሻይ ማንኪያ እርጥብ ከደረቁ አጠገብ አስቀምጡ፤ አትቀላቅሉት። ልትሸተው፣ ልትንቀው ትችላለች፤ ግድ የለም። ሽታውን ከምግብ ሰዓት ጋር ታያይዘዋለች። መላስ ስትጀምር ጥቂት ደረቅ ፍሬ ፈጭታችሁ እርጥቡ ላይ ነስንሱበት፤ የምታውቀው ሽታ ያደፋፍራታል። ከዚያ ደረቁ በየቀኑ ጥቂት እየቀነሰ፣ እርጥቡ እየጨመረ ይሄዳል።

እሺ ለምትል ድመት ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃል። ግትሯ ወራት ልትፈጅ ትችላለች። ፓቴ የጠላች መረቅ ያለውን ልትወድ ትችላለችና ዓይነቱን ለዋውጡ። በመሃል ሆዷ ከተበላሸ አንድ እርምጃ ተመልሳችሁ ቆዩ። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ግን ፉክክሩን ተዉትና የምትወደውን ስጧት። ጉበቷን አስታውሱ።

ወደ እርጥቡ ከተሻገረች በኋላ የመጸዳጃ ሳጥኗ ውስጥ የሚረጋው የሽንት ጓል ትልቅ ይሆናል፣ ከውሃው ሳህን ላይም ብዙም አታዩዋትም። ሁለቱም የሚጠበቁ ናቸው። እርጥብ እየበላች ውሃም የምታበዛ ከሆነ ግን፣ በተለይ ዕድሜዋ ከገፋ፣ የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ የምትበላውን የሁለቱንም ጥቅል ፎቶና የቀን ግራሟን ይዛችሁ ሂዱ።